ከሳጥኑ ውስጥ የሚቀድመን ድምፅ

ይህ ነገር ሆኗል።

ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ እዚያው ነበርኩ። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። በዚህ ዕድሜ ሰው ለማስደንገጥ ብዬ አልዋሽም... መዋሸት ያለብኝን ያህል ድሮ ዋሽቻለሁ።

የሆነው በጥር ወር፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ። ቦታው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሎዋር ወንዝ ዳር ያለው የከተማችን የድሮ ኦፔራ ቤት።

ዓመቱ ክፉ ነበር።

ዓለምን ያዳረሰው በሽታ ገባና ቤቱ ተዘጋ። አሥር ወር። ማሞቂያው ጠፋ። በታኅሣሥ ውሃው ቧንቧው ውስጥ በረዶ ሆነና ቧንቧው ፈነዳ። ከመድረክ ሠራተኞቹ ሁለቱ ሞቱ። አንደኛውን የቀበርነው አራት ሆነን ነው፤ ከዚያ በላይ መሰብሰብ ክልክል ነበር። የቀሩት ሌላ ሥራ ያዙ። አንዱ ዳቦ ያከፋፍላል፤ አንዱ የሆስፒታል ወለል ያጥባል።

እኔም የመድረክ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የቤቱን ነገር የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ግን ጠሩኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ባዶውን ቤት እየዞርኩ አይጥና ፍሳሽ አያለሁ። ሌላ ሥራ የለም።

በጥር መጀመሪያ ወሬ መጣ።

ተመልካች ማስገባት ስላልተቻለ፣ አንድ ኦፔራ በባዶ ቤት ተሠርቶ በፊልም ሊቀረጽ ነው። ሦስት ቀን። ካማረ ቤቱ ይቀጥላል። ካላማረ የተዘጋው እንደተዘጋ ይቀራል።

ኦፔራው የድሮ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። የጀልባ ቀዛፊ ልጅ አንድ ወታደር ትወዳለች። ቤተሰቦቿ ሞቷል ብለው ይዋሿታል። ከድልድይ ላይ ራሷን ወንዝ ውስጥ ትጥላለች። ያን ጊዜ እሱ በሕይወቱ ይመጣል።

በእኛ ቤት ያ ኦፔራ ለሠላሳ ስድስት ዓመት አልተሠራም።

ለምን እንዳልተሠራ የሚያውቅ ሰው... እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም መጡ። የፊልሙ አዘጋጅ ኮራንታን ይባላል። የፓሪስ ሰው ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ መድረኩን ሦስት ጊዜ ዞረ። ወደ ላይ አንጋጠጠና፣

“ያንን ገመድ ትንሽ ሳቡልኝ” አለ።

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለሆነ የምጽፈው ‘ገመድ’ የሚለውን ቃል እጽፈዋለሁ። መድረክ ላይ ግን አይጠራም። በየትኛውም ቲያትር ቤት አይጠራም። የጠራ ሰው ለሁሉም ወይን ይገዛል።

“ሦስት ጠርሙስ” አልኩት።

“ለምኑ?”

“ላልከው ነገር።”

ሳቀ። “ጋሼ ሌዮንስ፣ በዚህ ዘመን? በቃል በሽታ የሚመጣ መሰላችሁ?”

“በሽታ አይደለም የሚመጣው። ዕቃ ነው። ከላይ።”

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱም ወይኑን ሊገዛ ተስማማ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚቸኩል ሰው ነበር።

ከዚያ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

እንደ ዛጎል የተከደነች ትንሽ ሳጥን ናት። ድሮ አስታዋሿ እዚያ ትቀመጥ ነበር። ገላዋ ከመድረኩ ሥር ይሆናል፤ ራሷ ብቻ ከወለሉ በላይ ይወጣል። ከአዳራሽ አትታይም። ዘፋኝ ግን ያያታል። እያንዳንዱን ስንኝ፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ አንድ ትንፋሽ ቀድማ በሹክሹክታ ትሰጠዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ከሰው ቃል አንድ ትንፋሽ መቅደም።

“የአስታዋሽ ሳጥን ናት” አልኩት።

“ትከፈት። ካሜራ አስገባባታለሁ። ዘፋኟን ከእግሯ ሥር ሆኜ ማየት ነው የምፈልገው።”

“ሌላ ቦታ ፈልግ።”

“ምን አለበት?”

“ታሽጓል።”

“አየሁ እኮ። ጋሼ፣ የታሸገ ነገር ይከፈታል።”

ምስማሮቹን የመታኋቸው እኔ ነበርኩ። የነቀልኳቸውም እኔ ነኝ።

ሽፋኑ ተነሳ...

አቧራ አልነበረም።

ሠላሳ ስድስት ዓመት የተዘጋ ቦታ ነው። የሸረሪት ድር እንኳ የለም። እጄን አስገብቼ እንጨቱን ነካሁት።

ሞቅ ይላል። ሰው አሁን እንደተነሳበት ወንበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ሳልናገር መኖር ለምጃለሁ።

የመጀመሪያው ቀረጻ በአምስት ሰዓት አለቀ። ድምፅ የሚቀዳው ጉልቨን ነው፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ የብሬታኝ አውራጃ ሰው። መሣሪያው በሙሉ ግቢ ውስጥ በቆመ መኪና ላይ ነው። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

“ጋሼ፣ ሳጥኑ ውስጥ ማንን አስቀመጣችሁ?”

“ካሜራ።”

“እንግዲያው ካሜራው ዘፈኑን አጥንቶ ነው የመጣው።”

“ምን ማለትህ ነው?”

“ሰው ያንሾካሽካል። ሴት ናት። ሶሌን ከመዝፈኗ በፊት እየቀደመች ቃሉን ትላለች። ቀረጻዬን እያበላሸች ነው፤ ንገሯት።”

ሄጄ አየሁ። ሳጥኑ ውስጥ ከካሜራው በቀር ምንም የለም። ከካሜራው ጋር ሰው ይቅርና ድመት አትገባበትም።

ሶሌን የቀዛፊውን ልጅ ሆና የምትዘፍነው ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በበሽታው ታማ ድናለች። ድምፅዋ ተመልሷል፤ ቃላቱ ግን ከአፏ ላይ ይጠፉ ነበር። በዚህ የተነሳ ሁለት ቲያትር ቤቶች አሰናብተዋታል። ይኸኛው የመጨረሻ ዕድሏ ነበር፤ ራሷ ነግራኛለች። በዕረፍት ሰዓት ከመድረኩ ሥር እኔ ዘንድ ወርዳ እዚያ ባለው ፍራሽ ላይ ቁጭ ትልና ዳቦዋን ትበላለች።

ፍራሹ ትልቅ ነው። ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋል። ከድልድዩ ጀርባ ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ። መጨረሻ ላይ ሶሌን በእሱ በኩል ትዘልና ሦስት ሜትር ወርዳ ፍራሹ ላይ ታርፋለች። የእኔ ሥራ ፍራሹ ቦታው ላይ መሆኑን ማየት ነው። ድሮም የእኔ ሥራ እሱ ነበር።

“አመሰግናለሁ፣ ጋሼ” አለችኝ።

“ለምኑ?”

“አስታዋሽ ስላመጣችሁልኝ። ዛሬ አንድ ቃል አልጠፋኝም።”

“አስታዋሽ አላመጣንም።”

ፈገግ አለች። “እሺ፣ ምስጢር ይሁን። ብቻ ያንን ምላሷን ጠቅ የምታደርገውን ነገር ትተወው። ያስቀኛል።”

ዳቦዬን አስቀመጥኩ።

“ምን ታደርጋለች?”

“ስንኝ ልትጀምር ስትል ምላሷን ጠቅ ታደርጋለች። እንዲህ...”

አሳየችኝ።

እንደዚያ የምታደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ኦዴት ትባላለች። የመጨረሻዋ አስታዋሻችን ነበረች።

አሁን ልንገራችሁ። ሳልነግራችሁ ብቀጥል የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ይኸው ኦፔራ ሲሠራ፣ ከመድረኩ ሥር የነበርኩት እኔ ነኝ። ምሳ ላይ ወይን ጠጥቼ ነበር። ፍራሹን ለማጽዳት ከቦታው አንስተን ግድግዳው ላይ አስደግፈነዋል። መልሰን እንዘረጋዋለን ብዬ ሰዎቹን አሰናበትኩ። ከዚያ ማሞቂያው ክፍል ገባሁ...

እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከአስታዋሿ ሳጥን ወደ መድረኩ ሥር የምትወርድ መሰላል አለች። ኦዴት ዞር ስትል ፍራሹ እንደሌለ አየች። ዘፋኟ ድልድዩ ላይ ደርሳለች። ኦዴት መሰላሉን ወረደች። ፍራሹን ብቻዋን መጎተት አልቻለችም። ስለዚህ ራሷ ከቀዳዳው ሥር ቆመች።

ዘፋኟ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ ተጎዳ።

ኦዴት አሥራ አንድ ቀን ኖረች።

ፖሊስ ሆስፒታል ሄዶ “ፍራሹን ማን አነሳው?” ብሎ ጠየቃት። “እኔ” አለች። “መንገድ ዘግቶብኝ አስነሳሁት።” እንዲሁ ተጻፈ። በቤቱ መዝገብ ላይም በስሟ ትይዩ “በራሷ ስህተት” የሚል ገባ።

እኔም ሄጄ ጠየቅኋት።

“አንተ ሕፃን ልጅ አለህ” አለችኝ። “እኔ የለኝም። ልጅህ ሲያድግ እውነቱን ንገራቸው። ይኼ ዕዳ ነው። ያኔ ትከፍለኛለህ።”

እሺ አልኩ።

ደግሞም እንዲህ አለችኝ፤ “ከሳጥኑ ሆኜ ‘ፍራሹ የለም’ ብዬ ነበር። ከሙዚቃው የተነሳ ማንም አልሰማኝም።”

ይህንን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።

ልጄ አደገ። አሁን እሱም ሽበት ጀምሮታል። እኔ አልከፈልኩም። መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ ዘገየሁ። ከዚያ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ሞተ።

ማክሰኞ።

ጉልቨን አልቀለደም። ጠዋት ሲገባ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። በምሳ ሰዓት ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ።

“ይሰማሉ?” አለና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገ። “የመድረኩ ማይክ ክፍት ነው። እየበሉ ነው። ዝም ብለው ያድምጡ።”

አደመጥኩ። የሹካ ድምፅ። የወንበር ድምፅ።

ጠቅ።

“ጨው አለ?” አለች አንዲት ሴት፣ በሹክሹክታ።

አምስት ያህል ቆጠርኩ።

“ጨው አለ?” አለ አንድ የቫዮሊን ተጫዋች፣ ጮክ ብሎ።

ጠቅ። “ምስሩ እኮ ራሱ ጨው ነው።”

አምስት ቆጠርኩ። ሌላው ሰውዬ መለሰ። “ምስሩ እኮ ራሱ ጨው ነው።”

ሁሉም ሳቁ። ሳቁም ከመሳቃቸው በፊት መጥቶ ነበር... ቀስ ያለ፣ የአንድ ሰው ሳቅ።

ጉልቨን ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አነሳ። 

“ትናንት በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትቀድመው” አለ። “ዛሬ ጠዋት በአንድ ስንኝ። አሁን ደግሞ እንደሰሙት ነው። እየራቀች ነው፣ ጋሼ። ወዴት ነው የምትሄደው?”

አወቅሁት። ወደ መጨረሻው ትዕይንት ነበር የምትሄደው። 

ኮራንታን ዘንድ ሄድኩ።

“ሳጥኑን ልዝጋው።”

“ከሳጥኑ ያገኘሁት ምስል ከሁሉም ይበልጣል” አለ። “የሚዘጋበት ምክንያት ካለ ይንገሩኝ።”

ምክንያቱን ለመናገር ስለ እሑዱ መናገር ነበረብኝ።



“ብርድ ይገባል” አልኩት።

“ካፖርት ይልበሱ፣ ጋሼ።”

ሶሌን ሰምታ ነበር። ወደ ጎን ስባ ወሰደችኝ።

“ሳጥኑን ከዘጋችሁት አልዘፍንም።”

“ሶሌን፣ ስሚኝ። እዚያ ውስጥ ሰው የለም።”

“አውቃለሁ” አለች በቀስታ። “ትናንት ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ።”

“እና አትፈሪም?”

“የምፈራው ዝም ስትል ነው። ዝም ካለች ምን እንደምል አላውቅም። ዛሬ ጠዋት የታክሲው ሹፌር ‘ወዴት ነሽ?’ ሲለኝ... መልሱን ጠበቅሁ። እስክትነግረኝ።”

ፊቷን አየሁት። ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም። የሚያዳምጥ ሰው ዓይን ነበር።

ረቡዕ። የመጨረሻው ቀን።

የቀረው የድልድዩ ትዕይንት ነው። ኮራንታን አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ካሜራውን ከቀዳዳው ሥር መሬት ላይ ያስቀምጥና የሶሌንን ፊት ከሥር ይቀርጻል። ጠርዙ ድረስ ትመጣለች፤ ትዘፍናለች፤ ቀረጻው እዚያ ይቆማል። ዝላዩ ከሰዓት በኋላ ለብቻው ይቀረጻል።

“አትዘልም ማለት ነው?” አልኩት።

“አትዘልም።”

“ሶሌን፣ ሰማሽ?”

አንድ አፍታ ዘገየች። “አልዘልም” አለች።

ለካሜራው ቦታ እንዲሆን አራት ሰዎች ፍራሹን አነሱት። ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እኔ ቆሜ አየሁ። ያው ግድግዳ ነው።

“እርስዎ ይረፉ” አለኝ ኮራንታን። “እስከ ከሰዓት አያስፈልጉኝም።”

ድምፅ እንዳይገባበት የሁሉንም ሰው የጆሮ መገናኛ አስወለቀ። ታች ያለውም ካሜራ ብቻውን እንዲሠራ ተደረገ። ከመድረኩ ሥር ሰው አልቀረም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጉልቨን መልእክት ላከልኝ። “ይምጡ።”

ወደ መኪናው ሄድኩ። አንዱን ማዳመጫ ለኔ ሰጠኝ። ስክሪኑ ላይ ሶሌን ነጭ ልብስ ለብሳ ድልድዩ ላይ ትታያለች። ኦርኬስትራው ይጫወታል። ሌላ ስክሪን ላይ ሁለት የድምፅ መስመሮች ይሄዳሉ።

“የላይኛው ሶሌን ናት” አለ። “የታችኛው... እሷ።”

“በስንት ትቀድማለች?”

“በአርባ ሴኮንድ።”

አደመጥኩ።

ኦዴት ናት። ያው ድምፅ፤ ደረቅ፣ ጠንቃቃ። የመጨረሻውን ዘፈን ስንኝ በስንኝ ትሰጣለች። የወንዙን። የቀለበቱን። ከዚያ አቆመች።

ጠቅ።

“ፍራሹ የለም” አለች።

ጉልቨን ዞር አለ። “ይሄ ከኦፔራው አይደለም። ምን ማለቷ ነው?”

 በማዳመጫው ውስጥ እርምጃ ይሰማ ነበር። አንድ... ሁለት... ሦስት። መሰላል የሚወርድ ሰው እርምጃ።

ከዚያ ዝም።

ስክሪኑን አየሁ። ሶሌን ስለ ወንዙ እየዘፈነች ነው። አርባ ሴኮንድ ወደኋላ ናት። የቀለበቱ ስንኝ ይቀራታል። ከቀለበቱ በኋላ የሚነግራት የለም። የሚወርድ እርምጃ ብቻ አለ።

እሷ ደግሞ የሚነገራትን ነው የምታደርገው።

“አስቁማቸው!” አልኩት።

“በምን? መገናኛውን አውልቀዋል እኮ!”

ሮጥኩ።

ግቢው በረዶ ይዟል። አንዴ ወደቅሁ። ተነሳሁ። ወደ መድረኩ ሥር የሚያስገባው በር ከባድ ነው፤ በትከሻዬ ገፋሁት። አሥራ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ሙዚቃው ከላይ እንደ ባቡር ይጮኻል። ብጮህ አይሰማም። ኦዴትም በዚያ እሑድ አልተሰማችም።

የቀለበቱን ስንኝ ሰማሁ።

ፍራሹ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ለአራት ሰው የሚከብድ ፍራሽ ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አልነካሁትም።

ካሜራውን በእግሬ ገፍቼ በጎኑ አጋደምኩትና ከቀዳዳው ሥር ቆምኩ።

ቀና አልኩ።

ሶሌን ጠርዙ ላይ ናት። መዝፈን አቁማለች። ሙዚቃው ያለ እሷ ይሄዳል። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች... የምትወርድ እርምጃን እንደምትከተል።

እጄን ዘረጋሁ።

አንድ እግሯን አነሳች።

የአጥንቴን ድምፅ ሰማሁ። ሕመሙ ቆይቶ ነው የመጣው።

ሶሌን ደረቴ ላይ ነበረች። ትተነፍሳለች። ዓይኗ ሰው ያያል።

“ጋሼ” አለች። “ምን ሆንኩ?”

ሙዚቃው ቆመ። ሰዎች ደረጃውን እየወረዱ መጡ። ኮራንታን ፊቱ አመድ መስሏል። ሶሌንን ከላዬ አንስተው ካሜራው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጧት። እኔን ሊያነሱኝ ሞከሩ፤ ዳሌዬ እምቢ አለ።

“ፍራሹን ማን አነሳው?” አለ አንዱ።



“ፍራሹ አይደለም ጥያቄው” አለ ኮራንታን። “አትዘይም ተብላለች። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ራሷ ናት የዘለለችው። ስህተቱ የራሷ ነው።”

ሶሌን አንገቷን ደፋች።

“አዎ” አለች። “የኔ ስህተት ነው።”

ተኝቼ አየኋት። ለሌላ ሰው ጥፋት አዎ የምትል ሴት ሳይ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያዋን ዝም ብዬ ነበር የቀበርኳት።

“አይደለም” አልኩ።

“ፍራሹ ሲነሳ እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ምን እንደሚመጣም አውቅ ነበር። ከትናንት ጀምሮ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።”

“ጋሼ፣ ይረጋጉ፤ አምቡላንስ...”

“አልጨረስኩም።”

የሚሰጠኝ ቃል አልነበረም። ጆሮዬን አቅንቼ ነበር። ከሳጥኑ ምንም አልመጣም። ስለዚህ ራሴ ፈለግሁት።

“ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ፣ ኦዴት የምትባል ሴት ሞተች። መዝገቡ ላይ በራሷ ስህተት ይላል። ውሸት ነው። ፍራሹን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጠጥቼ ነበር። ተኝቼ ነበር። እሷ ስለ እኔ ወሰደችው። ለልጄ ብላ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም። ይጻፍ።”

ኮራንታን አጠገቤ ተንበረከከ።

“ይጻፍ” አልኩ እንደገና።

ተጻፈ። ልጄም አወቀ። ሆስፒታል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ብርቱካን ላጠልኝ። ሶሌንን ማንም አላሰናበታትም። ፊልሙ ያለ ዝላዩ አለቀ። እሷም የመጨረሻውን ስንኝ ያለ አስታዋሽ ዘፈነች፤ ሁለት ቃል ሳተች ይላሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩላችሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልቨን ኮምፒዩተሩን ይዞ አልጋዬ ድረስ መጣ። ቀረጻውን አላቆመም ነበር። ድምፁም፣ ታች የነበረው ካሜራም እስከ መጨረሻው ሠርተዋል።

“ለማንም አላሳየሁም” አለ። “ይዩት።”

መጀመሪያ ሁለቱን መስመሮች አሳየኝ። ሦስቱን ቀን ሙሉ የታችኛው መስመር ከላይኛው ይቀድማል። እኔ መናገር ስጀምር ግን... የታችኛው ባዶ ነው።

ስጨርስ ነው የጀመረው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ መጣች። እኔ ያልኩትን፣ ቃል በቃል፣ ምላሷን ጠቅ ሳታደርግ ደገመችው። ሰው አንድን ነገር ተቀብሎ እንደሚቆጥር።

“እሷ አይደለችም” አለች። ቆየት ብላ፣ “ይጻፍ።”

ከዚያ መሰላሉ ላይ እርምጃ። ከዚያ ወለሉ ላይ እርምጃ፤ ወደ እኔ እየቀረበ።

“አሁን ምስሉን ይዩ” አለ ጉልቨን። “ሶሌንን።”

ምስሉ ላይ እኔ ተኝቻለሁ። ሁሉም ዙሪያዬን ከበው እኔን ያያሉ። ሶሌን ብቻ እኔን አታይም። ዓይኗ መሰላሉ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል፤ በእኔ በኩል ያልፋል፤ እግሯ ዘንድ ይደርሳል።

ሶሌን እግሯን ሰበሰበች... ጠባብ ቦታ ላይ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቀቅ።

ከዚያ ዓይኗ እስከ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ራሷን ዝቅ አድርጋ ተሰናበተች።

ጠይቄያታለሁ። አታስታውስም።